ወደ ኮርፖሬት ጄት ኮክፒት የሚያስገቡ በሮች፦ የኩባንያ በረራ ክፍል፣ ቻርተር ወይስ ፍራክሽናል?

አሜሪካ ውስጥ የኮሜርሻል ፓይለት ፈቃዱን ጨርሶ የግል ጄት ማብረር የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ምርጫውን ከደሞዝና ከአውሮፕላን ዓይነት ይጀምራል። በዚያ የተጀመረ ምርጫ ገንዘብም ጊዜም ያስበላል። መቅደም ያለባቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ዛሬ በሎግቡካችሁ (በበረራ ሰዓት መዝገባችሁ) ባለው ሰዓት ሕጉም ኢንሹራንሱም የሚፈቅድላችሁ ሥራ የትኛው ነው? እዚያ የምታበሩት ሰዓትስ ለቀጣዩ በር ይቆጠራል ወይ? ከዚህ በታች አማራጮቹን የምናወዳድረው በእነዚህ ሁለት ነው።

አንድ አውሮፕላን፣ ሦስት ሕግ

አንድ ሳይቴሽን፣ የሴስና ሥሪት የሆነ ጄት፣ ጠዋት የባለቤቱን ኩባንያ ኃላፊዎች ይዞ ሲበር የሚተዳደረው የአሜሪካ አቪየሽን ባለሥልጣን (ኤፍኤኤ) ደንብ ፓርት 91 በሚባለው ክፍል ነው። ከሰዓት በኋላ ያው አውሮፕላን፣ በያው ፓይለት፣ ከፍሎ የተከራየ ሰው ሲጭን በፓርት 135 ይሆናል፤ ቻርተር የምንለው እሱ ነው። ባለቤትነቱ በድርሻ ተከፋፍሎ ለብዙ ሰዎች የተሸጠ ከሆነ ደግሞ በፓርት 91 ንዑስ ክፍል ኬ ይተዳደራል። ፍራክሽናል የሚባለው ይሄ ነው፤ ኔትጄትስና ፍሌክስጄት የሚታወቁበት ሥራ። ተሳፋሪው ልዩነቱን ላያየው ይችላል። የፓይለቱ እረፍት፣ የፈተናው ብዛት፣ የሚጠየቀው ሰዓት ግን በሙሉ ይለያያል።

እረፍቱን እንይ። በቻርተር ሁለት ፓይለት ያለው ቡድን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 ሰዓት በላይ፣ ብቻውን የሚያበር ከ8 ሰዓት በላይ እንዲበር አይመደብም። በየሦስት ወሩ ቢያንስ 13 ሙሉ የ24 ሰዓት እረፍት ይገባዋል፤ የዓመቱ ጣሪያ 1,400 ሰዓት ነው። ፍራክሽናሉም የራሱ ገደብ አለው፤ ለሁለት ፓይለት በመደበኛው 14 ሰዓት ሥራ፣ ከዚያ ውስጥ 10 ሰዓት በረራ፣ ከዚያ 10 ሰዓት እረፍት። በፓርት 91 ለሚበር የኩባንያ ፓይለት ግን በሕግ የተቀመጠ የበረራ ሰዓት ጣሪያ የለም። ጥሩ የበረራ ክፍሎች ገደቡን ራሳቸው በኦፕሬሽን ማንዋላቸው ይጽፋሉ፤ አይኤስ-ባኦ የተባለውን ዓለም አቀፍ መመዘኛ የሚከተሉም አሉ። ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ የሥራ ሰዓት ገደባቸው ማንዋሉ ላይ የት እንደተጻፈ ጠይቁ። «አለቃችን ሰው አያስቸግርም» የሚል መልስ ካገኛችሁ ገደብ የለም ማለት ነው።

ቻርተር ቤቶች ውስጥ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። አንዳንዶቹ ፓይለቱን ቀንም ሌሊትም ስልክ አንሥቶ እንዲመጣ ያስገድዱትና ስልኩ ያልጮኸበትን ጊዜ እረፍት ብለው ይመዘግባሉ። ኤፍኤኤ በተደጋጋሚ በሰጠው ትርጉም፣ እረፍት አስቀድሞ የታወቀና ከማንኛውም የሥራ ግዴታ ነፃ የሆነ ጊዜ ነው። ስልክ የማንሣት ግዴታ ካለባችሁ እረፍት ላይ አይደላችሁም። ድካሙ ብቻ ሳይሆን የሕግ ጥሰቱም እናንተን ይነካል፤ ሳያርፍ በረራ የተቀበለው ፓይለትም አብሮ ይጠየቃልና።

ከ250 እስከ 1,200 ሰዓት

የኮሜርሻል ፈቃዱ በፓርት 61 (በተለመደው ሥልጠና) በ250 ሰዓት፣ ኤፍኤኤ ሥርዓተ ትምህርቱን ባጸደቀለት የፓርት 141 ትምህርት ቤት በ190 ሰዓት ይገኛል። በዚህ ሰዓት ላይ ሦስት መንገድ አለ፤ ማስተማር፣ የተርቦፕሮፕ (ፕሮፔለሩን ተርባይን የሚያዞረው አውሮፕላን) ቀኝ ወንበር ማለትም የረዳት አብራሪ ቦታ፣ ወይም ኤፍቢኦ (ኤርፖርት ላይ የግል አውሮፕላኖችን የሚያስተናግድ ድርጅት) ውስጥ በላይን ሰርቪስ ሠራተኛነት ነዳጅ እየቀዱና አውሮፕላን እየጎተቱ ሰው ማወቅ። ሦስተኛው ሰዓት ስለማይሰጥ ብቻውን አይበቃም። ከማስተማር ጋር ሲደረብ ግን ጥሩ ነው፤ ብዙ የበረራ ክፍል ኃላፊዎች የሚቀጥሩት መጀመሪያ ሃንጋሩ ውስጥ ሲሠራ ያዩትን ልጅ ነው። ወገኖቻችን ብዙ በሆኑባቸው ከተሞች ዙሪያ እንዲህ ያለ ሥራ የሚገኝባቸው ኤርፖርቶች ቅርብ ናቸው፤ ለዋሽንግተን አካባቢ ማናሳስ፣ ለዳላስ አዲሰን፣ ለአትላንታ ዲካልብ ፒችትሪ፣ ለሎስ አንጀለስ ቫን ናይስ።

ማስተማር የተረጋገጠው መንገድ ነው። በወር 60 ሰዓት የሚያበር አስተማሪ ከ250 ተነሥቶ 1,200 ለመድረስ 16 ወር ያህል ይፈጅበታል። ጉድለቱ የሰዓቱ ዓይነት ላይ ነው። በፓርት 135 በአይኤፍአር (በመሣሪያ በረራ ሕግ) ዋና አብራሪ ለመሆን የሚጠየቀው 1,200 ጠቅላላ ሰዓት ብቻ አይደለም። 500 ሰዓት ክሮስ ካንትሪ (ሌላ ቦታ የሚያርፍ በረራ)፣ 100 የሌሊት፣ 75 ደግሞ የኢንስትሩመንት (ውጭ ሳያዩ በመሣሪያ ብቻ የሚበረር) ሰዓት ያስፈልጋል፤ ከ75ቱ ቢያንስ 50ው በእውነተኛ በረራ የተገኘ መሆን አለበት። ከአንድ ኤርፖርት ሳይወጣ ሲዞር የከረመ አስተማሪ 1,200 ሞልቶ ክሮስ ካንትሪው 200 ላይ ይቀራል፣ የሌሊቱም 40 ላይ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሳያውቀው ሰዓት ያጣል። ለኮሜርሻልና ለኢንስትሩመንት ፈቃድ የሚቆጠረው ክሮስ ካንትሪ ከ50 ኖቲካል ማይል በላይ ርቆ ማረፍን ይጠይቃል። ለፓርት 135 መመዘኛ ግን ርቀት አልተቀመጠም፤ ከተነሣችሁበት ሌላ ቦታ ካረፋችሁ ክሮስ ካንትሪ ነው። 15 ማይል ርቆ ያለ ኤርፖርት ላይ ተማሪውን አሳርፋችሁ ከተመለሳችሁ በረራው በሙሉ ይቆጠራል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሎግቡኩ ላይ ሁለት ዓምድ ክፈቱ፤ አንዱ ከ50 ማይል በላይ፣ ሌላው ከነጥብ ወደ ነጥብ። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ ማስላት ስቃይ ነው፤ ቃለ መጠይቅ ላይም ጥያቄ ያስነሣል።

የተርቦፕሮፕ ቀኝ ወንበር ሲባል በአብዛኛው ፒላተስ ፒሲ-12፣ ሴስና ካራቫን ወይም ኪንግ ኤር ነው። ከማስተማር የሚበልጥበት ነገር ግልጽ ነው። ተርባይን ሰዓት ይሰጣል፣ በእውነተኛ ደመና ውስጥ ያስበራል፣ የቻርተርን አሠራር ያስተምራል። ግን እነዚህ አውሮፕላኖች በአንድ ፓይለት እንዲበሩ የተፈቀዱ ናቸውና ቀኝ ወንበር ላይ መቀመጥ በራሱ ሰዓት አያስመዘግብም። ሰዓቱ በሕግ የሚቆጠርባቸው ሁኔታዎች ጥቂት ናቸው።

አንደኛው፣ ኦፕሬተሩ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደንብ የሚፈቅደውን የረዳት አብራሪ የሙያ ማዳበሪያ ፕሮግራም ከኤፍኤኤ ያጸደቀ ሲሆን ነው። ሁለተኛው፣ በረራው ራሱ ሁለተኛ ፓይለት ሲጠይቅ ነው። በፓርት 135 ተሳፋሪ ይዞ በአይኤፍአር ለመብረር ረዳት ግዴታ ነው፤ ኦቶፓይለት ረዳቱን እንዲተካ የሚፈቀደው ዋናው አብራሪ በዚያ ሞዴል በዋና አብራሪነት 100 ሰዓት ካለው በኋላ ነው። አዲስ ካፒቴን የቀጠረ ቤት ረዳት የሚፈልገው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ሦስተኛው፣ ያለ ተሳፋሪ በፓርት 91 በሚደረግ የምላሽ በረራ መሪውን ብቻችሁን በያዛችሁበት ደቂቃ፣ ለአውሮፕላኑ ክላስ (ለምሳሌ ባለ አንድ ወይም ባለ ብዙ ሞተር) ፈቃድ ካላችሁና አውሮፕላኑ ታይፕ ሬቲንግ (ለአንድ የአውሮፕላን ዓይነት ብቻ የሚሰጥ ፈቃድ) የማይጠይቅ ከሆነ፣ ያን ደቂቃ መመዝገብ ይቻላል። ከ25,000 ጫማ በላይ መብረር ለሚችል ግፊት ያለው አውሮፕላን የሚያስፈልገውን ኢንዶርስመንት (የአስተማሪ የፊርማ ማረጋገጫ) አስቀድማችሁ ያዙ። በፓርት 135 በረራ ላይ ግን የኦፕሬተሩ ተቀጣሪና ብቃቱ የተረጋገጠ ፓይለት ያልሆነ ሰው መሪውን ጭራሽ መንካት አይፈቀድለትም።

ስለዚህ የቀኝ ወንበር ሥራ ሲቀርብላችሁ ከደሞዙ በፊት ፕሮግራሙ የጸደቀ መሆኑን የሚያሳየውን የኦፕሬሽን ስፔሲፊኬሽን (ኤፍኤኤ ለኦፕሬተሩ የሚሰጠው የፈቃድ ዝርዝር) ገጽ እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ። ካልጸደቀ፣ 600 ሰዓት ቆጥራችሁ በኋላ የቀጣሪ መርማሪ በአንድ ቀን ሊሰርዘው ይችላል። ከተሰረዘው ሰዓት ይልቅ የሚጎዳው ሎግቡካችሁ እምነት ማጣቱ ነው።

የእኛ ሚዛን፦ የጸደቀ ፕሮግራም ያለው ቤት ከተገኘ ደሞዙ ከማስተማር ቢያንስም እሱን ምረጡ። ካልተገኘ አስተምሩ፤ ክሮስ ካንትሪውንና ሌሊቱን እያሰባችሁ በረራችሁን መድቡ።

ታይፕ ሬቲንግ በራስ ገንዘብ መግዛት

300 ሰዓት ያለው ሰው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ከፍሎ የሳይቴሽን ታይፕ ሬቲንግ ሲያወጣ ማየት የተለመደ ነው። ሲሙሌተር ማእከሉ ያስተምረዋል፣ ፈተናውን ያልፋል፣ ወረቀቱ እጁ ይገባል። ከዚያ ስልኩ አይጮኽም። ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ምክንያቱ ኢንሹራንስ ነው። የኮርፖሬት አውሮፕላን የመድን ውል ማን ሊያበረው እንደሚችል የሚወስን አንቀጽ አለው፤ ጠቅላላ ሰዓት፣ የመልቲ ኢንጅን ሰዓት፣ የተርባይን ሰዓት፣ በዚያው ዓይነት አውሮፕላን የተበረረ ሰዓት ተዘርዝሮ ይቀመጣል። ከዚያ በታች ያለ ሰው ቢያበረው አውሮፕላኑ ያለ መድን እንደበረረ ሊቆጠር ይችላል። ታይፕ ሬቲንግ ብቻውን ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱንም አይሞላም። በዚያ ላይ ሬቲንጉ ከፈቃዱ ባይጠፋም ብቃቱ ያረጃል፤ ጄት ዋና አብራሪ ሆኖ ለማብረር በየ12 ወሩ የብቃት ፈተና ያስፈልጋል፣ መድን ሰጪዎችም ባለፉት 12 ወራት የተወሰደ ሥልጠና ይጠይቃሉ።

የሚያዋጣበት አንድ ሁኔታ አለ። የተወሰነ አውሮፕላን ያለው የተወሰነ ቀጣሪ «ታይፑ ካለህ ሰኞ ትጀምራለህ» ብሎ በጽሑፍ ሲሰጥና የመድን ደላላው ስማችሁን ጠቅሶ ሲያጸድቅ። ደላላው ብዙ ጊዜ ሰዓቱ የጎደለውን ሰው በቅድመ ሁኔታ ይቀበላል፤ ሙሉ የሲሙሌተር ኮርስ ወስዶ የተወሰነ ሰዓት ልምድ ካለው ካፒቴን ጋር እንዲበር ይላል። ይህን መጠየቅ ነውር የለውም። «ኢንሹራንሳችሁ ለቀኝ ወንበር ስንት ሰዓት ይጠይቃል?» የሚለውን ገና በመጀመሪያው የስልክ ንግግር አንሡት።

ቀጣሪው ኮርሱን ከፍሎ የሥልጠና ውል ቢያስፈርማችሁ ደግሞ ሁለት ነገር ፈልጉ። ዕዳው ወር በወር እየቀነሰ ይሄዳል ወይስ እስከ መጨረሻው ቀን ሙሉ ነው? ኩባንያው አውሮፕላኑን ሸጦ ቢያሰናብታችሁስ ትከፍላላችሁ? የሁለተኛው መልስ በጽሑፍ «አትከፍሉም» ካልሆነ አትፈርሙ።

1,500 ሲሞላ፦ ፍራክሽናል ወይስ የኩባንያ በረራ ክፍል

የኤቲፒ (የአየር መንገድ አብራሪ) ፈቃድ 23 ዓመትና 1,500 ሰዓት ይጠይቃል። ለመልቲ ኢንጅን ኤቲፒ የጽሑፍ ፈተና ከመቀመጥ በፊት ኤቲፒ-ሲቲፒ የሚባለው ኮርስ አለ፤ 30 ሰዓት የክፍል ትምህርትና 10 ሰዓት የሲሙሌተር። የአቪየሽን ዲግሪ ላላቸው ተመራቂዎች በ1,000 ሰዓት የሚሰጠው የተገደበ ኤቲፒ ለአየር መንገድ ረዳት አብራሪነት የተበጀ ነው። ጄት ቻርተር ላይ ተሳፋሪ ይዞ ካፒቴን ለመሆን ሙሉው ኤቲፒ ያስፈልጋል።

ፍራክሽናል በሕግ ለረዳት 500 ሰዓት፣ ለዋና 1,500 ሰዓት ይጠይቃል፤ ቀጣሪዎቹ ከዚያ በላይ ይጨምራሉ። ትልቁ ጥቅሙ ሥርዓቱ ነው። ሰባት ቀን ሥራ፣ ሰባት ቀን ቤት የሚለው ዑደት በሰፊው የሚሠራበት ነው። ከቤታችሁ አቅራቢያ ካለ ኤርፖርት ኩባንያው በአየር መንገድ አሳፍሮ ወደ አውሮፕላኑ ይወስዳችኋል። ዋሽንግተን፣ ሚኒያፖሊስ ወይም ሲያትል ቤተሰብ ላለው ሰው መኖሪያ አለመቀየር ትልቅ ነገር ነው። ኔትጄትስ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የበርክሻየር ሃተዌይ ንብረት ነው፤ የዚህ ዓይነት ትልቅ ቤት በአንድ ባለቤት ስሜት አይዘጋም። በፒላተስ የሚሠራው ፕሌንሴንስ ደግሞ ተርቦፕሮፕና ትንሽ ጄት በአንድ ቤት ስላለው ከፒሲ-12 ለሚመጣ ሰው ቅርብ ነው። ጉዳቱ? በአንድ ቀን አራትና አምስት በረራ፣ በየሌሊቱ ሌላ ሆቴል፣ አውሮፕላን ለማሳደግም የሲኒየሪቲ (የቅጥር ቅድሚያ) ተራ መጠበቅ።

የኩባንያ በረራ ክፍል ደስ ሲል ከሁሉም ይበልጣል። አንድ አውሮፕላን፣ የምታውቋቸው ተሳፋሪዎች፣ ብዙ ጊዜ ወር ሙሉ ተበርሮ ከ40 ሰዓት የማይበልጥ። ግን መግቢያው ጠባብ ነው፤ ብዙው ቦታ ማስታወቂያ ሳይወጣበት በሰው በሰው ይሞላል። ኤንቢኤኤ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 የተመሠረተው የቢዝነስ አቪየሽን ማኅበር፣ በየክልሉ የሚያዘጋጃቸው ፎረሞች ለዚህ ይጠቅማሉ። ከዚያም በላይ ግን የሲሙሌተር ማእከል ውስጥ ያላችሁ ጠባይ ይጠቅማል። ፍላይትሴፍቲ ወይም ሲኤኢ ክፍል ውስጥ አብሯችሁ የሚቀመጠው ሰው የሌላ ኩባንያ ዋና ፓይለት ሊሆን ይችላል፤ አምስት ቀን በሲሙሌተር አብሮ ያየውን ሰው ነው ወደፊት የሚጠራው።

አደጋውም እዚያው ነው። ሥራው የተንጠለጠለው በአንድ ኩባንያ፣ አንዳንዴም በአንድ ሥራ አስኪያጅ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2008 የዲትሮይት መኪና አምራቾች ኃላፊዎች የመንግሥት እርዳታ ሊጠይቁ በግል ጄት ዋሽንግተን ከሄዱ በኋላ በደረሰባቸው ወቀሳ ጄቶቻቸውን ለመሸጥ ተገደዱ፤ ፓይለቶቹ ምንም አላጠፉም ነበር። ስለዚህ ቃለ መጠይቅ ላይ የበረራ ክፍሉ ኃላፊ ተጠሪነቱ ለማን እንደሆነ ጠይቁ። አውሮፕላኑን የሚጠቀመው አንድ ሰው ብቻ ከሆነና እሱ ጡረታው ከቀረበ ሥራውም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ከሽያጭ እስከ ፋብሪካ ብዙ ክፍሎች የሚሳፈሩበት አውሮፕላን ይበልጥ ይቆያል።

ቻርተር የሚመስል ቻርተር ያልሆነ

ሰዓት የቸገረው ፓይለት የሚወድቅበት ወጥመድ ይህ ነው። አንድ ባለሀብት ደውሎ «ጓደኞቼን ማያሚ አድርስልኝ፣ ይከፍሉኛል፣ ለአንተም የቀን አበል አለ» ይላል። ፓርት 135 ሰርተፍኬት የለውም። ወረቀት ላይ «ያለ ፓይለት ተከራይተውታል» ተብሎ ተጽፏል፤ ፓይለቱን ግን የመረጠው ራሱ ባለቤቱ ነው። አውሮፕላኑና ፓይለቱ ከአንድ እጅ ሲመጡ ያ ባዶ ኪራይ አይባልም። ሕገወጥ ቻርተር ነው፤ ኤፍኤኤ ሲደርስበት የፓይለቱም ፈቃድ ይታገዳል ወይም ይሰረዛል። አደጋ ቢደርስ መድኑም አይከፍልም ይሆናል።

ከመነሣታችሁ በፊት የኦፕሬሽን ቁጥጥሩ (ለበረራው ያለው ኃላፊነት) የማን እንደሆነ በስም ጠይቁ። አውሮፕላኑ ከ12,500 ፓውንድ በላይ ከሆነና በኪራይ ውል የሚበር ከሆነ፣ የውሉ ቅጂ አውሮፕላኑ ውስጥ መኖር አለበት፤ ኤፍኤኤም ከመጀመሪያው በረራ ቢያንስ 48 ሰዓት በፊት መነገር አለበት። ወረቀቱን አሳዩኝ ስትሉ የሚቆጣ ሰው ካለ መልሱን አገኛችሁ።

የኢትዮጵያ ፈቃድ ይዛችሁ ለመጣችሁ

አዲስ አበባ ሠልጥናችሁ በአየር መንገድ ስትበሩ ቆይታችሁ አሜሪካ ከገባችሁ ከዜሮ አትጀምሩም። የውጭ ፈቃድን መነሻ አድርጎ በቀጥታ የሚሰጠው የፕራይቬት ፈቃድ ብቻ ነው፤ ለዚህ ኤፍኤኤ ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪየሽን ባለሥልጣን ማረጋገጫ ስለሚጠይቅ ሂደቱን ቀድሞ መጀመር ይበጃል። ነገር ግን የኢካኦ (የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪየሽን ድርጅት) አባል አገር የሰጠውና የቦታ ገደብ የሌለበት የኮሜርሻል ፈቃድ ከኢንስትሩመንት ሬቲንግ ጋር፣ ወይም ኤቲፒ ያለው ሰው ሰዓቱን ካሟላ የአሜሪካን ኮሜርሻል ሳያወጣ በቀጥታ ለኤቲፒ መፈተን ይችላል። ዕድሜውን ሁሉ ቀኝ ወንበር ላይ ላሳለፈ ሰው የሚያስፈራው የ250 ሰዓት ዋና አብራሪነት ነው። ኤቲፒው በካፒቴን ክትትል የዋናን ሥራ የሠራችሁበትን የረዳትነት ሰዓት ለዚህ ይቀበላል፤ ሰዓቱን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከቀድሞው ቀጣሪ ማኅተም ተደርጎበት ይምጣ።

የአሜሪካ ዜጋ ያልሆነ ሰው፣ ግሪን ካርድ ያለውም ጭምር፣ ለመነሻ፣ ለኢንስትሩመንት፣ ለመልቲ ኢንጅን ሥልጠናና ለትልልቅ አውሮፕላን ታይፕ ሬቲንግ አስቀድሞ የቲኤስኤ (የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤት) ፈቃድ ያስፈልገዋል። ኮርሱ የሚጀመርበትን ሰኞ አስይዛችሁ ይህን ከረሳችሁ ክፍሉ ያለ እናንተ ይጀምራል። የመሥራት ፈቃድ ደግሞ ለብቻው ነው፤ የፓይለት ፈቃድ የሥራ ፈቃድ አይሆንም።

ከማመልከቻው እስከ መጀመሪያው በረራ

ሲቪው አንድ ገጽ ይሁን። ከላይ ፈቃዶችና ሬቲንጎች፣ ቀጥሎ የሰዓት ሠንጠረዥ፦ ጠቅላላ፣ ዋና፣ መልቲ፣ ተርባይን፣ ኢንስትሩመንት፣ ሌሊት፣ ክሮስ ካንትሪ። የወደቃችሁበት ቼክራይድ (የበረራ ፈተና) ካለ አትደብቁ። የፓይለት ሬከርድስ ዳታቤዝ የሚባለው የኤፍኤኤ መዝገብ ቻርተርም ፍራክሽናልም የሚያየው ነው፤ ታይፕ ሬቲንግ የሚጠይቁ ሁለትና ከዚያ በላይ አውሮፕላኖች ያሏቸው የኩባንያ በረራ ክፍሎችም የፓይለቶቻቸውን መዝገብ እንዲያስገቡበት ይገደዳሉ። አንድ ውድቀት ሥራ አያሳጣም፤ የተደበቀ ውድቀት ግን ያሳጣል።

ብዙ ቤቶች ከመቅጠራቸው በፊት አንድ ቀን ያስሞክራሉ፤ ያን ቀን የሚታየው የበረራ ክህሎት ብቻ አይደለም። ተሳፋሪው ከመምጣቱ 90 ደቂቃ በፊት ድረሱ። ቡናው ይሞላል፣ በረዶው መሳቢያው ውስጥ ይገባል፣ መጸዳጃው መታየት አለበት፣ የወንበር ቀበቶዎቹ ተሻግረው ይቀመጣሉ። ሻንጣዎቹን በዓይን አትገምቱ፣ መዝኑ። ከውጭ የሞተር ሽፋኖቹ፣ የፒቶት (የፍጥነት መለኪያ ቱቦ) ሽፋኖቹና የማረፊያ ጎማው ፒኖች ይነሣሉ። ፒን ተረስቶ የተነሣ አውሮፕላን ጎማው አይታጠፍም፤ ባለቤቱ ከኋላ እያየ ተመልሶ ያርፋል። ስለዚህ ቀይ ሪባን የተንጠለጠለባቸውን ፒኖች ቁጠሩ፣ ሽፋኖቹን ቁጠሩ፣ በሩ ከመዘጋቱ በፊት የተነሡትን የያዘውን ከረጢት ከፍታችሁ ለካፒቴኑ አሳዩ፣ ቁጥሩንም ድምፅ አውጥታችሁ ንገሩት።